የጥድ አፋፍ ወፍ

ሚያዝያ ፳፯፥ መድኃኔ ዓለም፤ ፲፰፻፶፮ ዘመነ ዮሐንስ

ለነፍስ አባቴ ያልነገርሁትን ለዚህ ወረቀት እነግረዋለሁ። ዛሬ አሥር ዓመት፥ የአንድ መኰንን በቅሎ ከመንደራችን ጠፍታ አውጫጭኝ በተጠራ ጊዜ፥ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብዬ «ዘውዱ ነው» ያልሁ እኔ ነኝ። ዘውዱን በቅሎ ሲነዳ አላየሁትም። ያየሁት ምንጩ ዳር ቆሞ ሲስቅ ነው።

እንደ ወጉ ሕዝቡ ሁሉ ሜዳ ላይ ተከቶ ሦስት ቀን ዋለ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ የሰማ ለሽማግሌ በጆሮ ይናገራል፤ ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። የወፏን ስም መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። ዘውዱ ሁለቱን በሬዎቹን ለካሣ ሰጥቶ መሬቱን ጣለና ወደ እብናት ቆላ ወረደ። እናቱ እመሆይ አመተማርያም ቀድመው መንኵሰው ነበርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቀሩ።

ባለቤቴ ብዙነሽ ልትሞት ሰሞን፥ እሳቱን እየቆሰቆሰች «ወፏ በማን ቤት እንደምታድር አውቃለሁ» አለችኝ። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት።

ንስሐ ልግባ እላለሁ። ነገር ግን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾምም ስግደትም የለበትም፤ አባ ገብረየሱስ ቀኖና ሊሰጡኝ አይችሉም። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ይሁን።

ሚያዝያ ፳፱

ይህን ወረቀት በአንድ ቁና ገብስ የለወጥሁት ከደብረ ታቦር ገበያ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አገር አይሸጥም ነበር። አሁን የማይሸጥ የለም።

ልጅ ሆኜ ከዚህ አፋፍ እስከ ከተማው ድረስ ጥድ ብቻ ነበር። በጋፋት የብረት ማቅለጫው ከተተከለ ወዲህ ጥዱ ለከሰል አለቀ፤ በጉቶውና በጉቶው መካከል ጎጆ በቀለ። ወታደር አለ፥ ሸማኔ አለ፥ ኮርቻ ሰፊ አለ፥ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅም አለ። ስማችን ብቻ ጥድ አፋፍ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቴ ጌጤ በረቷን ጠርጋ ለሁለት ወታደር አከራይታለች፤ ላሞቿ ደጅ ያድራሉ። «ላም ኪራይ አትከፍልም፥ አያ አስረስ» ትላለች።

ውሻዬ መጀመሪያ የመጣውን ሁሉ ይጮኽበት ነበር። አሁን በማንም አይጮኽም። ሰልችቶት ነው ወይስ አንድ ሰው ሥጋ እየጣለለት ነው?

ሚያዝያ ፴

በዘውዱ ቦታ ላይ ጭቃ ሹሙ ያሰፈራቸው ሁለት ናቸው፤ ወርቁ የሚባል ቀጥቃጭና እኅቱ ላቀች። እርሷ ሸክላ ትሠራለች፤ ባሏ ሞቷል አሉ። ሰው ቡዳ ናቸው ይላል። እኔ የሰው ወሬ አልሰማም፤ ግን ሲያልፉ ጥጃዬን አስገባለሁ።

ማረሻዬን ሸሸግሁ። ብረት ፈላጊ በዝቷል። የት እንደሆነ እዚህም አልጽፍም፤ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም።

ግንቦት ፩፥ ልደታ

ሁሉም ደጅ ወጥቶ በላ። ነባሩ ከላይ፥ መጤው ከታች። ላቀች በአዲስ ሳሕን ንፍሮ ይዛ ወደ ላይ መጣች። ማንም እጁን አልዘረጋም። ሳሕኑን እንደያዘች ብዙ ቆመች። እኔ አንድ ጭብጥ አንሥቼ በኩታዬ ጫፍ ቋጠርሁ። አልበላሁትም። አልጣልሁትምም።

ጠላው ከበድ ያለ ነበር። ማረሻው ጎታው ሥር መሆኑ አላማረኝም፤ ማንም መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። አነሣሁት። አሁን ደኅና ቦታ ነው።

ግንቦት ፭

የጌጤ ባል ማረሻ ጠፋ። ከላይ ቤት ያለው የሙላቴም። የማረስ ጊዜ ደርሶ!

ጌጤ፥ «ብረት ክንፍ የለው። ወናፍ ያለው ግን አለ» አለች፥ ወደ ወርቁ ቤት እያየች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ መሰለኝ።

ግንቦት ፲

ላቀች ዛሬ ሁለት ጊዜ ውኃ ቀዳች። ትናንት ሦስት ጊዜ ነበር። ቆጥሬ አይደለም፤ መንገዱ በደጄ ስለሆነ ነው። አንድ የውኃ ማሰሮ ደጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች። «ለንፍሮው ነው» አለች። ሌላው ሳይወስድ እኔ ስለ ወሰድሁ መሆኑ ነው። ምን ብታስብ ነው? ማሰሮውን ከጎታው ጀርባ አኖርሁት።

ግንቦት ፲፪

የኔም ጠፋ!

በሬዎቹን ልጠምድ ብዬ ጎታው ሥር ገባሁ። የለም። አመድ ብቻ። እዚያ እንዳኖርሁት እንደ ዳዊት መዝሙር አውቀዋለሁ። ቤቴ ገብተዋል ማለት ነው። ውሻው ዝም ያለው ለዚህ ነው። እርሷ ማሰሮ ስታመጣ ዓይኗ የት የት ሲል ነበር?

ለጭቃ ሹሙ አመለከትሁ። ሙሉ መንደሩ ሰማ።

ግንቦት ፲፬

ወርቁ ጀንበር ስትጠልቅ ከባድ ጆንያ ተሸክሞ በጓሮ መንገድ ገባ። ለምን በጓሮ? ሰላም ስለው ደነገጠ። ወይም ሸክሙ ከብዶት ነው። አይ፥ ደነገጠ።

ግንቦት ፲፱

ማጭድ ላስል መስዬ ወርቁ ዘንድ ሄድሁ። ወናፉን እየነፋ ማጭዴን ተቀበለና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አያ አስረስ፥ ይህ የተሳለ ነው እኮ። ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ እርስዎ ዓይንዎን ይዘው መጡ።»

ሣቀ። ጥርሱ ብዙ ነው። የዚህ ቦታ ሰዎች ለምን እንዲህ ይስቃሉ?

ግድግዳው ሥር ሦስት ማረሻ ተደርድሯል። «የማን ነው?» አልሁት። «ከእስቴ ገበሬዎች ላኩልኝ፥ ጫፋቸውን እንዳድስ» አለ። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ጥርስ የምታህል ስብራት አለች። የኔም ላይ እንዲህ ያለች ስብራት ነበረች። እንጃ፥ በግራ በኩል ነበረች ወይስ በቀኝ? ነበረች።

ስወጣ ላቀች ጭቃ እየረገጠች ነበር። «ማሰሮው ውኃ አያፈስም?» አለችኝ። «አያፈስም» አልሁ። ውኃ ጨምሬበት አላውቅም።

ግንቦት ፳፫

ጭቃ ሹሙ ጠራኝ። ማረሻዬን ካመለከትሁበት ቀን በቀር አሥር ዓመት ከሰላምታ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። የዚያን ጊዜው ሽማግሌ፥ ጆሮውን የሰጠኝ፥ እርሱ ነው።

«ሰኔ ዐሥራ አራት አውጫጭኝ ይከተታል» አለ። «ማረሻ ሲጠፋ ዝም ብል ነገ በሬ ይጠፋል። አንተስ ምን አየህ?»

«አንድ ማረሻ አየሁ። ስብራት ያለበት።»

«የአንተ ነው?»

«የኔን ይመስላል።»

«ይመስላል አይባልም። ነው ወይም አይደለም።»

«ነው» አልሁ። ከአፌ ወጣ።

ጢሙን አሻሸ። «አንድ የጦር አለቃ ያን የዘውዱን ቦታ ይፈልገዋል። ለከተማም ለጋፋትም ቅርብ ነው። ቀጥቃጩ ከተነሣ የታችኛው ጠርዝ፥ ምንጩ ያለበት፥ ከአንተ ማሳ ጋር ይገጥማል።» ከዚያ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «አስረስ፥ ያን ጊዜ ወፍ አልጠፋችም። ዘንድሮም አትጠፋም።»

ተሰናብቼ ወጣሁ። ምንጩን ግን ወደ ቤት ስመለስ አየሁት። ልለካው አይደለም።

ግንቦት ፳፱፥ እሑድ

ለእመሆይ አመተማርያም እንደ ልማዴ ዳቦ ወሰድሁ። አሥር ዓመት አንድ እሑድ አላስቀረሁም። ሰው ደግ ነው ይለኛል።

የእብናት ነጋዴ ወሬ አምጥቶላቸው ኖሮ ዓይናቸው አብጧል። «ዘውዱ የሰው ከብት ይጠብቃል አሉኝ። ንዳድ ይዞታል። ጢሙ ሸብቷል አሉኝ፥ ልጄ። የኔ ልጅ ጢም መሸበት!» ዳቦውን ተቀብለው በጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ወደኔ አዩ። እንደ ሌላው ጊዜ አልመረቁኝም። ረስተው ይሆናል።

ሰኔ ፬

ዝናብ። ላቀች ደጄ መጣች። ግቢ አላልኋትም፥ ግን ዝናብ ነውና ገባች።

«አያ አስረስ፥ ሰው የወንድሜን ስም እያነሣ ነው። ልጆች 'ጅብ' ብለው ይጮኹበታል። አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ሰው ይሰማዎታል። ማረሻዎቹ የእስቴ መሆናቸውን ባለቤቶቹ መጥተው ይናገራሉ፤ ግን ወንዙ ሞልቶ አልተሻገሩም። እስኪመጡ ድረስ አንድ ቃል ይናገሩልን።»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«ሥልጣን አልጠየቅሁም።»

መልስ ስፈልግ ዓይኗ ጎታው ጀርባ ዐረፈ። ሄዳ ማሰሮውን አነሣች። አቧራውን እፍ አለችው። ውስጡ የሸረሪት ድር ነበር። መልሳ በቦታው አኖረችው፤ በጣም ቀስ ብላ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወጣች። ለምን ይሆን ያመሰገነችኝ?

ቤቱ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው።

ሰኔ ፮

ትናንት አልጻፍሁም፤ ራሴን አሞኝ ነበር። ጌጤ መጥታ «አንቱ ካዩ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል?» አለችኝ። በረቷን ከተከራዩት አንዱ ወታደር ያን ቦታ እየለካ ነው ብላ ሣቀች። ጠርዙን በገመድ።

ሰኔ ፰

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሌሊቱን ያደረው ዝናብ ክዳኑን አፈሰሰው፤ በአልጋዬ ራስጌ ያንጠባጥባል። ጠዋት መሰላል ይዤ ወጣሁ፤ ሣሩን ከፈት ሳደርግ እጄ ብረት ነካ። ጎተትሁት። ማረሻዬ ነው። በቡቱቶ ጠቅልዬ፥ በጠፍር አሥሬ፥ በክዳኑ ሣር መካከል የሰካሁት ራሴ ነኝ። ማሠሪያው የኔ አስተሳሰር ነው። የልደታ ዕለት ጠላ ጠጥቼ አነሣሁት። ከዚህ ወረቀት ላይ ተመልሼ አነበብሁ፤ ተጽፏል። «አሁን ደኅና ቦታ ነው» ብያለሁ።

ስብራቱ በቀኝ በኩል ነው። ወርቁ ዘንድ ያየሁት በግራ ነበር።

ክዳኑ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ላይ ሁሉ ይታያል፤ የጌጤ ላሞች ጭቃ ውስጥ ቆመዋል፤ የጋፋት ጢስ ይታያል፤ ወርቁ ወናፉን ይነፋል፤ ላቀች ሸክላዋን ከዝናብ ታስገባለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ማረሻውን ከኋላዬ ሸሸግሁ።

ወዲያው ሄጄ ለጭቃ ሹሙ ልንገረው አልሁና ተነሣሁ። ዝናብ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ከሰዓት በኋላ አባራ። በሬዎቹ አልበሉም ብዬ ተቀመጥሁ።

ዘውዱ ያን ጊዜ «ማን አየኝ?» ብሎ ነበር የጮኸው። ሦስት ጊዜ። «አንድ ሰው ይነሣና አየሁህ ይበለኝ!» ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍሁም ነበር። ብዙነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና እርሱን አይደለም፥ እኔን ነበር የምታየው።

ሰኔ ፲

ማረሻውን መልሼ ክዳኑ ውስጥ ልክተተው ብዬ አሰብሁ። ማንም አያውቅም። ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝ፥ ሌላ ሰው አይደለም። ጻፍሁት።

ሰኔ ፲፪፥ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ አባ ገብረየሱስን ተከትዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ጥግ ሄድሁ።

«አባ፥ አንድ ሰው አለ። ያላየውን አየሁ ብሎ ሌላውን ሰው አስጠፋ። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ንስሐ ቢገባ ስንት ስግደት ይሰጡታል?»

አባ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ስግደትማ እሰጠዋለሁ፥ ልጄ። ይሰግዳል፤ ጉልበቱ ይላጣል፤ ይድናል። ግን ያ ሰው በጆሮ ተናግሮ ያጠፋውን እንደገና በኔ ጆሮ ቢነግረኝ ለዘውዱ ምን ይጠቅመዋል?»

የዘውዱን ስም አላነሣሁም ነበር።

ማን ማን ያውቃል? አሥር ዓመት ሰው ሁሉ ምን እንደሚደብቀኝ ስሰልል ኖርሁ።

ሰኔ ፲፫፥ ጰራቅሊጦስ

አውጫጭኙ ነገ ነው። ጸሎተ ሃይማኖቱ ልቤ አልገባም፤ ከንፈሬ ብቻ ይደግማል። ወንዙ አሁንም ሙሉ ነው፤ የእስቴ ሰዎች አልመጡም።

ሰኔ ፲፮

ከትናንት በስቲያ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ሕዝቡ ከጉቶው ሜዳ ተከተተ፤ ነባሩም መጤውም። ወርቁና ላቀች ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ በዙሪያቸው አንድ በሬ የሚያስተኛ ባዶ ቦታ። እመሆይ አመተማርያምም መጥተዋል፤ መነኵሴ አይከተትም ቢሏቸው «ባለፈው ልጄ ሲወጣ አልነበርሁም፤ ዛሬ ልይ» ብለው ተቀመጡ። ጭቃ ሹሙ «ያየ የሰማ ወደ ሽማግሎች ይቅረብ» አለ። ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ከሽማግሎቹ አንዱ ጆሮውን አዘንብሎ ጠበቀኝ።

አልቀረብሁም። ከኩታዬ ሥር ማረሻዬን አወጣሁና ባለሁበት ቆምሁ።

«ማረሻዬ አልጠፋም» አልሁ። «ከክዳኔ ውስጥ ነበር። የሸሸግሁት ራሴ ነኝ።»

ሣቅ ሆነ። ጌጤ «አያ አስረስ፥ ዳግመኛ ሚስት ቢያገቡ ኖሮ የት ይሸሽጓት ነበር!» አለች፤ ሜዳው ፈነዳ። ከሣቁ መካከል ሙላቴ ድንገት መብረቅ እንደመታው ቆመ፥

«ገለባው ክምር ውስጥ...» አለ ለራሱ። ጥሎ ሮጠ። ማረሻውን በገለባ እንደተለወሰ ይዞ ተመለሰ። የጌጤ ባል ማረሻ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«በቃ፥ ተቀመጥ» አለኝ ጭቃ ሹሙ። ፊቱ ጠቁሯል። እዚያ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ሰው እየሣቀ ነበር፤ ወርቁም ሣቀ፤ ቀላል ነበር።

«አልጨረስሁም» አልሁ። «ዛሬ አሥር ዓመት በቅሎዪቱ በጠፋች ጊዜ ወፏ እኔ ነበርሁ። ዘውዱን በቅሎ ሲነዳ አላየሁትም። ምንጩ ዳር ከሚስቴ ጋር ሲስቅ አይቼ፥ ክፉ ጠርጥሬ ነው የተናገርሁበት። እርሷም ንጹሕ ነበረች፥ እርሱም።»

«የወፍ ስም አይነገርም!» ብሎ ጮኸ ጭቃ ሹሙ። «ወግ ታፈርሳለህ!»

«የራሴን ነው የተናገርሁ።»

ሣቅ የለም። እመሆይ አመተማርያም በመቋሚያቸው ተነሥተው በመካከል አልፈው ወደኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ብዙነሽ ከመሞቷ በፊት ነግራኛለች» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ዳቦህን የበላሁት ርቦኝ መሰለህ? ባልቀበልህ ትቀራለህ። ከቀረህ አትናገርም። ያን እየጠበቅሁ ነው ጥርሴ እስኪያልቅ የበላሁልህ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ግን ዘገየህ፥ ልጄ። በጣም ዘገየህ።»

ይቅር አላሉኝም። አልጠየቅኋቸውምም።

ሽማግሎቹ መክረው ካሣውን በኔ ላይ ፈረዱ፤ ሁለት በሬ ለዘውዱ፥ እናቱ እስኪመጣ ይያዙለት። መሬቱ ወደ ዘውዱ ተመለሰ፤ ወርቁና ላቀች እርሱ መጥቶ እስኪወስን ድረስ አይነሡም። የጦር አለቃው ሰው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ጭቃ ሹሙ እስከ ዛሬ ሰላም አላለኝም፤ ወደፊትም የሚለኝ አይመስለኝም።

ትናንት እሑድ እንዳልሆነ እያወቅሁ ዳቦ ጋግሬ ለመንገድ ሰነቅሁ። ነገ ወደ እብናት እወርዳለሁ፤ ለዘውዱ ራሴ እነግረዋለሁ። ላቀች በደጇ ሳልፍ አይታኝ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ማሰሮዋን አጥቤ ውኃ ሞላሁበት። ጠጣሁ። ውኃው ትንሽ ሸክላ ሸክላ ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ዛሬ ጠዋት በሬዎቹን እየነዳሁ ወደ እመሆይ አደረስሁ። ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ አየ። ስመለስ ማረሻው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ በሬ የሌለው ሰው ምን ያደርግለታል? እርሱንም ተሸክሜ ሄድሁና ከበሬዎቹ አጠገብ፥ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር፥ መሬት ላይ አኖርሁት። የት እንዳለ አሁን ጥድ አፋፍ ሁሉ ያውቃል።